በኤች አይ ቪ ኢንፌክሽን ጅማሮ የተፈጥሯዊ መከላከያ ሕዋሳት ድርሻ፦ የጊዜና የቦታ ጥያቄ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ኤች አይ ቪ በስስ ሽፋን በኩል ወደ ሰውነት ከገባበት ሰዓት አንሥቶ ተለማጁ የመከላከያ ሥርዓት እስኪደራጅ ድረስ ባሉት ቀናት ቫይረሱን የመመከት ኃላፊነት የሚወድቀው በተፈጥሯዊ መከላከያ ሕዋሳት ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ዴንድሪቲክ ሕዋሳት፣ ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት፣ ማክሮፋጆች፣ ኒውትሮፊሎችና ተፈጥሯዊ ሊምፎይድ ሕዋሳት በዚህ አጭር ጊዜ ያላቸውን ድርሻ የታተሙ ጥናቶችን በማገናዘብ ይመረምራል። የጽሑፉ ማዕከላዊ ነጥብ የሕዋሳቱ ምላሽ በባሕርዩ ጠቃሚ ብቻ ወይም ጎጂ ብቻ ተብሎ ሊፈረጅ እንደማይችል፣ ውጤቱን የሚወስኑትም ምላሹ የሚጀምርበት ጊዜ፣ የሚቆይበት ርዝመትና የሚካሄድበት ቦታ መሆናቸውን ማሳየት ነው። ከዚህ ነጥብ ለመከላከያ ዘዴዎችና ለሕክምና የሚወሰዱ ትምህርቶች በመጨረሻ ቀርበዋል።

ቁልፍ ቃላት፦ ኤች አይ ቪ፣ ተፈጥሯዊ መከላከያ፣ ዴንድሪቲክ ሕዋስ፣ ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋስ፣ ኢንተርፌሮን፣ ብግነት፣ ድብቅ የቫይረስ ክምችት

1. መግቢያ

የሰው ልጅ የበሽታ መከላከል ሥርዓት በሁለት ክንፎች ይከፈላል። ተለማጁ ክንፍ የሚባለው ቲ እና ቢ ሕዋሳትን የያዘ ሲሆን፣ እያንዳንዱን ተህዋሲ ለይቶ የሚያውቅና የሚያስታውስ ነው፤ ነገር ግን ለመደራጀት ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን ይወስዳል። ተፈጥሯዊው ክንፍ በአንጻሩ በዝግመተ ለውጥ ታሪክ እጅግ የቀደመ ነው። ተህዋሲያን የሚጋሯቸውን ጥቅል ምልክቶች በማወቅ በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ይነሣል። ኤሊ ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1882 በሜሲና ከተማ በባሕር ኮከብ እጭ ውስጥ የሰካው እሾኽ በተንቀሳቃሽ ሕዋሳት ተከቦ ማየቱ የዚህ ክንፍ ጥናት መነሻ ሆኗል። ሜችኒኮፍ ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማትን ከፖል ኧርሊክ ጋር ተጋርቷል።

ኤች አይ ቪ እ.ኤ.አ. በ1983 በፓሪሱ ፓስተር ተቋም ከተለየ በኋላ የተመራማሪዎች ትኩረት በአብዛኛው ያረፈው በተለማጁ ክንፍ ላይ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቫይረሱ በዋናነት የሚያጠቃው ሲዲ4 የተባለውን ተቀባይ የተሸከሙ ቲ ሕዋሳትን ሲሆን፣ የበሽታው ደረጃም በእነዚሁ ሕዋሳት ቁጥር ይለካ ነበር። የክትባት ሙከራዎችም ፀረ እንግዳ አካላትን ወይም ገዳይ ቲ ሕዋሳትን ማነቃቃትን ግብ አድርገው ቆይተዋል። ሆኖም የኢንፌክሽኑን የመጀመሪያ ቀናት በቅርበት የመረመሩ ጥናቶች የማያስቀር ጥያቄ አስነሥተዋል፦ የኢንፌክሽኑ ዕጣ የሚወሰነው ቲ እና ቢ ሕዋሳት ከመድረሳቸው በፊት ከሆነ፣ በዚያ ጊዜ በሥፍራው የነበሩት ሕዋሳት ምን ሠሩ? ምንስ ሳይሠሩ ቀሩ?

2. የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሂደት

የተፈጥሯዊ መከላከያ ሕዋሳትን ድርሻ ለመመዘን አስቀድሞ የጊዜውን ቅደም ተከተል መረዳት ያስፈልጋል። ቫይረሱ ከተሻገረ በኋላ በደም ውስጥ በየትኛውም ምርመራ የማይታይበት፣ አሥር ቀናት ገደማ የሚወስድ የስውር ወቅት አለ። ይህን ተከትሎ የቫይረሱ አርኤንኤ፣ ቀጥሎ ፒ24 የተባለው ፕሮቲን፣ ቀጥሎም ፀረ እንግዳ አካላት በተራ ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ፊቢግና ባልደረቦቹ ይህን ቅደም ተከተል በስድስት ደረጃዎች ከፋፍለው ያቀረቡት ሠንጠረዥ ዛሬም የዘርፉ የጋራ መለኪያ ነው።

በዩጋንዳ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በታይላንድ ለከፍተኛ ተጋላጭነት የነበሩ ሰዎችን በሳምንት ሁለት ጊዜ ደማቸውን እየመረመረ የተከታተለው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ውጤት ቫይረሱ በደም ውስጥ መጀመሪያ ከታየበት ዕለት በኋላ በአማካይ በ13ኛው ቀን ከፍተኛ መጠኑ ላይ እንደሚደርስ፣ በ31ኛው ቀን አካባቢ ደግሞ ወርዶ እንደሚረጋ አሳይቷል። ይህ የተረጋጋ መጠን በኋላ የበሽታውን ፍጥነት ከሚተነብዩ መለኪያዎች አንዱ ነው። በሌላ አነጋገር፣ የዓመታቱ ዕጣ በአመዛኙ በመጀመሪያው ወር ይወሰናል ማለት ይቻላል።

ሁለት ተጨማሪ ግኝቶች የጊዜውን ጥበት ያጎላሉ። አንደኛው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከተያዙ ሰዎች በአብዛኞቹ ኢንፌክሽኑ የተመሠረተው በአንድ መሥራች ቫይረስ ብቻ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በ102 ሰዎች ላይ የተሠራው የዘረ መል ትንተና በሦስት አራተኛ ገደማ በሚሆኑት ይህንኑ አረጋግጧል። ይህም የስስ ሽፋኑ አጥር ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነና ቫይረሱም በመጀመሪያ ላይ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ይመሰክራል። ሁለተኛው ግኝት ግን ተስፋውን ያጠበዋል። የኤች አይ ቪ ዘመድ በሆነው ኤስ አይ ቪ በተያዙ ሪሰስ ማካክ ጦጣዎች ላይ ሕክምና በሦስተኛው ቀን፣ ቫይረሱ በደም ውስጥ ገና ሳይታይ ቢጀመርም፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ መልሶ አንሠራርቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ይህ ሙከራ ድብቁ የቫይረስ ክምችት በሦስት ቀናት ውስጥ ሊመሠረት እንደሚችል አመልክቷል። በዚያው ዓመት፣ በተወለደች በ30 ሰዓት ሕክምና ጀምራ የተፈወሰች መስላ በነበረችው የሚሲሲፒ ሕፃን ደም ውስጥ ቫይረሱ ከ27 ወራት የመድኃኒት ዕረፍት በኋላ ተመልሶ መታየቱ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ሆኗል።

ገዳይ ቲ ሕዋሳት በብዛት የሚታዩት የቫይረሱ መጠን ወደ ጣሪያው በሚቃረብበት ጊዜ ነው፤ ቫይረሱን ማምከን የሚችሉ ፀረ እንግዳ አካላት ደግሞ ከወራት በኋላ ይመጣሉ። ስለዚህ ድብቁ ክምችት በሚመሠረትባቸው ቀናት በሥፍራው ያለው ዘብ ተፈጥሯዊው መከላከያ ብቻ ነው።

3. ሕዋሳቱና ድርሻቸው

3.1 ዴንድሪቲክ ሕዋሳት

ራልፍ ስታይንማንና ዛንቪል ኮን እ.ኤ.አ. በ1973 ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጿቸው ዴንድሪቲክ ሕዋሳት በተፈጥሯዊውና በተለማጁ ክንፍ መካከል ያሉ መልእክተኞች ናቸው። በቆዳና በስስ ሽፋን ሥር ተበትነው ተህዋሲያንን ይለቅማሉ፤ የለቀሙትንም ወደ ሊምፍ ዕጢዎች ወስደው ለቲ ሕዋሳት ያሳያሉ። ኤች አይ ቪ የሚጠቀመው በዚሁ ጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ዲሲ-ሳይን የተባለው የዴንድሪቲክ ሕዋስ ተቀባይ ቫይረሱን ይዞ፣ ሕዋሱ ራሱ ሳይያዝ፣ ለሲዲ4 ቲ ሕዋሳት ሊያስረክብ ይችላል። ተላላኪው መረጃ ያደርሳል ተብሎ ሲጠበቅ ጠላትን ያደርሳል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ዴንድሪቲክ ሕዋሳት አንድ ዓይነት አይደሉም። በብልት ስስ ሽፋንና በሸለፈት የላይኛው ንጣፍ የሚገኙት ላንገርሃንስ ሕዋሳት ላንገሪን በተባለ ተቀባይ ቫይረሱን ይዘው ወደ ውስጥ በማስገባት ያጠፉታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነው ይህ ግኝት ተቀባዩ ሲዘጋ ወይም የቫይረሱ መጠን ሲበዛ መከላከሉ እንደሚላላ ጭምር አሳይቷል። አንዱ ሕዋስ እንደ ሁኔታው አጥርም በርም ሊሆን ይችላል።

ሌላው አስገራሚ ጉዳይ የዴንድሪቲክ ሕዋሳት ዝምታ ነው። ሕዋሳቱ ኤች አይ ቪ 1 በውስጣቸው በሚገባ እንዳይባዛ የሚያደርግ ሳምኤችዲ1 የተባለ ኢንዛይም አላቸው። ኢንዛይሙ ቫይረሱ አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ ለመገልበጥ የሚያስፈልጉትን ጥሬ ዕቃዎች ያመናምናል። ይህ ሕዋሱን ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን የቫይረሱ ዲኤንኤ በበቂ መጠን ስለማይሠራ በሕዋሱ ውስጥ ባዕድ ዲኤንኤን የሚያነፈንፈው ሲጋስ የተባለ ጠቋሚም የሚያነፈንፈው ነገር ያጣል። በዚህ ላይ ካፕሲድ የተባለው የቫይረሱ ውስጠኛ ቅርፊት ዘረ መሉን ሸፍኖ ያሻግራል። በቤተ ሙከራ፣ ኤች አይ ቪ 2 የሚያመነጨው ቪፒኤክስ የተባለ ፕሮቲን ሳምኤችዲ1ን እንዲያፈርስ ሲደረግ ዴንድሪቲክ ሕዋሳት ይያዛሉ፤ በዚያው መጠንም ነቅተው ኢንተርፌሮን ያመነጫሉ። ኤች አይ ቪ 1 ቪፒኤክስ የለውም። ይህን ሕዋስ መያዝ ባይችልም፣ አለመያዙ ራሱ ከማንቂያ ደወሉ አድኖታል።

3.2 ፕላዝማሳይቶይድ ዴንድሪቲክ ሕዋሳት

እነዚህ ሕዋሳት በደም ውስጥ ካሉት ባለ አንድ ኒውክሊየስ ነጭ ሕዋሳት ከአንድ በመቶ በታች ቢሆኑም፣ በዓይነት አንድ ኢንተርፌሮን አመንጪነት ተወዳዳሪ የላቸውም። የቫይረሱን አርኤንኤ የሚያውቁት ቲኤልአር7 በተባለ ተቀባይ ነው። በአጣዳፊው ኢንፌክሽን ወቅት ከደም እየቀነሱ ወደ ሊምፍ ዕጢዎችና ወደ ሌሎች ሕብረ ሕዋሳት ይጓዛሉ።

የእነዚህን ሕዋሳት ሁለት ገጽታ ከሁሉም በላይ የሚያሳየው በአሽሊ ሃስ የሚመራው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 በሪሰስ ማካክ ላይ ያሳተመው ሥራ ነው። ቫይረሱ በማሕፀን በር ስስ ሽፋን ላይ ሲያርፍ የሽፋኑ ሕዋሳት መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲን ይረጫሉ፤ ይህ ፕላዝማሳይቶይድ ሕዋሳትን ይስባል፤ እነርሱም በተራቸው ኢንተርፌሮን ከማመንጨት ጋር ሲሲአር5ን የተሸከሙ ሲዲ4 ቲ ሕዋሳትን የሚጠሩ ኬሞካይኖችን ይለቃሉ። የተጠሩት ቲ ሕዋሳት ደግሞ ቫይረሱ ለመባዛት የሚፈልጋቸው ናቸው። እሳት ሊያጠፉ የተጠሩት ማገዶ ይሆናሉ። ቡድኑ ግሊሴሮል ሞኖላውሬት የተባለ፣ ለምግብና ለመዋቢያ ምርቶች የሚውል ውሕድ በብልት ላይ በመቀባት ይህን የመልእክት ሰንሰለት ሲያቋርጥ፣ ለከፍተኛ የቫይረስ መጠን በተደጋጋሚ የተጋለጡት ጦጣዎች ከአጣዳፊ ኢንፌክሽን ተጠብቀዋል። የተጠበቁት የመከላከያ ምላሻቸው ስለበረታ ሳይሆን በዚያች ቦታና ሰዓት ስለረገበ ነው።

3.3 ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት

ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት ያለ ቀደምት ልምምድ የተያዙ ሕዋሳትን መግደል ይችላሉ። አሠራራቸው በሚዛን ላይ የተመሠረተ ነው፤ ጤናማ ሕዋስ በገጹ ላይ ኤችኤልኤ የተባሉ የማንነት ምልክቶችን ስለሚያሳይ ይታለፋል፤ ምልክቶቹን ያጣ ሕዋስ ግን ይጠረጠራል። ኤች አይ ቪ ከገዳይ ቲ ሕዋሳት ለማምለጥ ኔፍ በተባለው ፕሮቲኑ አማካይነት ኤችኤልኤ-ኤ እና ኤችኤልኤ-ቢን ከሕዋሱ ገጽ ያወርዳል። ኤችኤልኤ-ሲን እና ኤችኤልኤ-ኢን በኔፍ አለማውረዱ ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳትን ለማዘናጋት ይጠቅመዋል።

በአጣዳፊው ወቅት እነዚህ ሕዋሳት ገዳይ ቲ ሕዋሳት ከመብዛታቸው በፊት በቁጥር ይጨምራሉ። ለፋይዳቸው ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ከዘረ መል ጥናት ነው፤ ኪር3ዲኤስ1 የተባለውን ተቀባይና ተጓዳኙን የኤችኤልኤ-ቢ ዓይነት በአንድነት የወረሱ ሰዎች ወደ ኤድስ የሚሸጋገሩት በዘገየ ፍጥነት መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2002 ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ቫይረሱ ራሱ ከተሸካሚው የኪር ዘረ መል ጋር የሚዛመዱ ለውጦችን በፕሮቲኖቹ ላይ እንደሚያሳይ ተረጋገጠ። ቫይረስ የሚለወጠው ከሚያስጨንቀው ኃይል ለማምለጥ ነውና፣ ለውጡ የተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት ጫና በሰው ውስጥ እውን መሆኑን ይመሰክራል።

3.4 ማክሮፋጆችና ኒውትሮፊሎች

ማክሮፋጆች ሲዲ4ንና ሲሲአር5ን ስለሚሸከሙ በኤች አይ ቪ ሊያዙ ይችላሉ፤ ዕድሜያቸውም ረጅም ነው። ከዚህ በመነሣት ለረጅም ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ተጠቂዎች እነርሱ እንደሆኑ ይገመት ነበር። የመሥራች ቫይረሶች ምርመራ ግን ይህን ግምት አላጸናውም። አብዛኞቹ መሥራች ቫይረሶች ሲሲአር5ን ቢጠቀሙም በማክሮፋጆች ውስጥ የሚባዙት በደካማ ሁኔታ ነው፤ ምቹ ማደሪያቸው ሲዲ4 ቲ ሕዋስ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የማክሮፋጆች ድርሻ ቫይረሱን ከማባዛት ይልቅ በሚረጩት የብግነት መልእክት ላይ ያመዝናል።

ከነጭ የደም ሕዋሳት በቁጥር የሚበልጡት ኒውትሮፊሎች የዲኤንኤ ድራቸውን ወደ ውጭ በመዘርጋት ቫይረሱን አጥምደው እንደሚያመክኑ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ነገር ግን ተህዋሲያንን ለማጥፋት የሚለቋቸው ኢንዛይሞች የስስ ሽፋኑን ማያያዣዎችም ይበጣጥሳሉ። በብልት ፈሳሽ ውስጥ ከኒውትሮፊል ጋር የተያያዙ ፕሮቲኖች መብዛት ከሽፋኑ መላላት ጋር አብሮ መገኘቱ ለዚህ ምልክት ነው።

3.5 ተፈጥሯዊ ሊምፎይድ ሕዋሳት

እነዚህ ሕዋሳት በተለይ በአንጀት ስስ ሽፋን የሽፋኑን ጤንነት የሚጠብቁ መልእክቶችን ያመነጫሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በደቡብ አፍሪካ ደርባን የተካሄደ ጥናት በአጣዳፊው ኢንፌክሽን ወቅት ከደም እንደሚመናመኑ፣ ሕክምና ከዘገየም ቁጥራቸው እንደማያገግም አሳይቷል። ሕክምናቸውን በአጣዳፊው ኢንፌክሽን መባቻ የጀመሩት ሰዎች ግን ሕዋሳቱን ማቆየት ችለዋል። ይህ ከሌላ የታወቀ እውነታ ጋር ሲደመር ትርጉሙ ይጎላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የአንጀት ሲዲ4 ቲ ሕዋሳት በከፍተኛ መጠን ያልቃሉ፤ ሽፋኑም ስለሚሳሳ የአንጀት ባክቴሪያ ስብርባሪዎች ወደ ደም ሰርገው ይገባሉ። እነዚህ ስብርባሪዎች ተፈጥሯዊ መከላከያ ሕዋሳትን ያለ ፋታ እየነካኩ ለዓመታት የሚዘልቅ ብግነት ያስከትላሉ።

4. ኢንተርፌሮን፦ መቼ እና እስከ መቼ

ከላይ የተዘረዘሩት ሕዋሳት ድርሻ የሚገናኝበት መስቀለኛ መንገድ ዓይነት አንድ ኢንተርፌሮን ነው። ይህ ፕሮቲን በሕዋሳት ውስጥ አፖቤክ3ጂ፣ ቴቴሪንና ሌሎች ቫይረስ ገቺ ፕሮቲኖች እንዲበዙ ያደርጋል። ኤች አይ ቪም ቪፍ እና ቪፒዩ የተባሉ ፕሮቲኖችን በየተራ ለእነዚሁ ማምከኛ መያዙ የኢንተርፌሮንን ኃይል በተዘዋዋሪ ያረጋግጣል።

የጊዜን ወሳኝነት በቀጥታ የፈተነው እ.ኤ.አ. በ2014 በሪሰስ ማካክ ላይ የተደረገ ሙከራ ነው። የኢንተርፌሮን ተቀባይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በተዘጋባቸው ጦጣዎች ድብቁ የቫይረስ ክምችት ጨመረ፤ ወደ ኤድስ የሚደረገውም ጉዞ ተፋጠነ። ኢንተርፌሮን አስቀድሞ የተሰጣቸው ጦጣዎች በመጀመሪያ ኢንፌክሽኑን ተቋቋሙ፤ መስጠቱ ሲቀጥል ግን ሕዋሳቱ ለመልእክቱ ደነዘዙ፤ ቫይረስ ገቺ ዘረ መሎች ቀነሱ፤ ክምችቱም በዛ። አንዱ ፕሮቲን በመጀመሪያው ሳምንት ጋሻ፣ በቀጣዮቹ ሳምንታት ሸክም ሆነ።

ተፈጥሮ ራሷ ያካሄደችው ተመሳሳይ ሙከራም አለ። ሱቲ ማንጋቤ የተባሉት የምዕራብ አፍሪካ ጦጣዎችና የአፍሪካ አረንጓዴ ጦጣዎች የየራሳቸውን ኤስ አይ ቪ በከፍተኛ መጠን ተሸክመው በአብዛኛው ሳይታመሙ ይኖራሉ። በኢትዮጵያ በተለምዶ ጦጣ የሚባለው፣ በሳይንሱ ግሪቬት የሚሰኘው ዝርያ ከአረንጓዴዎቹ ወገን ሲሆን የራሱ ኤስ አይ ቪ አለው። እነዚህ እንስሳት የማይታመሙት ምላሽ ስለማይሰጡ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የኢንተርፌሮን ምላሻቸው ከሪሰስ ማካክ የማይተናነስ ነው። ልዩነቱ ምላሹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መርገቡ ላይ ነው፤ በማካክና በሰው ግን ሳይበርድ ይቀጥላል። በተጨማሪም በአፍሪካ አረንጓዴ ጦጣዎች ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት በሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ ቫይረሱ ወደሚሸሸግባቸው ፎሊክሎች ዘልቀው እንደሚገቡና በዚያ እንደሚቆጣጠሩት እ.ኤ.አ. በ2017 ታይቷል። በማካክ ግን ወደዚያ እምብዛም አይደርሱም። ጊዜ የምላሹን ማብቂያ እንደሚወስን ሁሉ፣ ቦታም የምላሹን ፍሬ ይወስናል።

በሰዎች መካከል ያለው የጾታ ልዩነትም ወደዚሁ ያመለክታል። የሴቶች ፕላዝማሳይቶይድ ሕዋሳት በቲኤልአር7 በኩል ሲነቁ ከወንዶቹ የበለጠ ኢንተርፌሮን ያመነጫሉ። ሴቶች በኢንፌክሽኑ መጀመሪያ ዝቅ ያለ የቫይረስ መጠን ሲኖራቸው፣ በእኩል የቫይረስ መጠን ሲነጻጸሩ ግን የመከላከያ ሕዋሳታቸው መነቃቃት ከፍ ያለ፣ የበሽታው ጉዞም የፈጠነ ሆኖ ይገኛል። በመጀመሪያ የጠቀመው ንቃት ውሎ ሲያድር ዋጋ ያስከፍላል።

የምላሹ ብዛት ብቻውን የድል ዋስትና እንዳልሆነ የሚያሳይ ሌላ ንጽጽርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በፕላዝማ ለጋሾች ናሙና ላይ የተሠራ ጥናት በኤች አይ ቪ ጅማሮ ኢንተርፌሮን አልፋና ኢንተርሊውኪን 15ን ያስቀደመ የሳይቶካይን ማዕበል እንደሚነሣ፣ በሄፓታይተስ ቢ ጅማሮ ግን ምላሹ እጅግ የቀዘቀዘ እንደሆነ አሳይቷል። ሆኖም አብዛኞቹ አዋቂዎች ሄፓታይተስ ቢን ሲያሸንፉ ኤች አይ ቪን አያሸንፉም።

5. ብግነት ኢንፌክሽኑን ሲቀድም

እስካሁን የታየው ቫይረሱ ከገባ በኋላ ያለው ነው። ተፈጥሯዊ መከላከያ ሕዋሳት አስቀድመው ነቅተው ቢገኙስ? በደቡብ አፍሪካ ክዋዙሉ-ናታል በ889 ሴቶች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ የወጣው ካፕሪሳ 004 ጥናት የቴኖፎቪር ቅባት በኤች አይ ቪ መያዝን በ39 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቶ ነበር። ናሙናዎቹ በኋላ ሲመረመሩ በብልታቸው ብግነት የነበረባቸው ሴቶች በቫይረሱ የመያዝ ዕድላቸው በሦስት እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ። ብግነት ባልነበረባቸው ሴቶች የቅባቱ መከላከል 57 በመቶ ሲሆን፣ ብግነት በነበረባቸው ግን 3 በመቶ ብቻ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘገበ። ብግነት ዒላማ የሚሆኑ ሲዲ4 ቲ ሕዋሳትን አስቀድሞ በበሩ ላይ ይሰበስባል፤ አጥሩንም ያላላል። ብዙ ጊዜ ምልክት ስለማያሳይ ሴቲቱም ሐኪሟም ላያውቁት ይችላሉ፤ በምልክት ላይ ብቻ የተመሠረተ የአባላዘር በሽታ ሕክምናም ያልፈዋል።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የኢትዮ-ኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በወንጂና በአቃቂ የፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትሏል። ከፕሮጀክቱ ውጤቶች አንዱ፣ ከኤች አይ ቪ ነጻ የሆኑ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ከኔዘርላንዳውያን ጋር ሲነጻጸሩ የሲዲ4 ቁጥራቸው ዝቅ ያለ፣ የነቁ ቲ ሕዋሳታቸው መጠን ግን ከፍ ያለ መሆኑ ነው። ለዚህም የአንጀት ጥገኛ ትላትልና ተደጋጋሚ ኢንፌክሽኖች እንደ ምክንያት ተጠርጥረዋል። ግኝቱ የሚመለከተው በደም የሚታዩ ቲ ሕዋሳትን ነው እንጂ በስስ ሽፋን ያሉትን ተፈጥሯዊ ሕዋሳት አይደለም። ሆኖም ቫይረሱ የሚገባበት አካል በሁሉም አገር አንድ ዓይነት መነሻ ላይ እንዳልሆነ ያስገነዝባል። በአንድ ሕዝብ ላይ የተለካን የጤናማነት ልኬት በሌላው ላይ እንዳለ መጫን፣ የኢንፌክሽኑን ጅማሮ በሚያጠና ሥራ ላይም ስሕተት ውስጥ ይከታል።

6. የማስረጃዎቹ ወሰን

እነዚህ መደምደሚያዎች የሚነበቡት ከነወሰናቸው ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ዕውቀት በአብዛኛው የመጣው ከማካክ ጦጣዎች ሲሆን፣ ለሙከራ የሚሰጣቸው የቫይረስ መጠን ብዙ ጊዜ በተፈጥሯዊ መተላለፍ ከሚያጋጥመው የበዛ ነው። በሰው ላይ የሚሠሩ ጥናቶች ደግሞ በደም ላይ ይደገፋሉ፤ ሕዋስ ከደም ጠፋ ማለት ሞተ ማለት ወይም ወደ ሕብረ ሕዋስ ተሻገረ ማለት ሊሆን ይችላል። የመሥራች ቫይረሶችን ኢንተርፌሮን መቋቋም በተመለከተም ስምምነት የለም፤ አንዳንድ ቡድኖች ከኋለኞቹ ቫይረሶች የበለጠ ጠንካሮች ናቸው ሲሉ፣ በዛምቢያ በንዑስ ዓይነት ሲ ላይ የተሠራ ሥራ ይህን ልዩነት አላገኘም። ንዑስ ዓይነት ሲ በኢትዮጵያም ዋነኛው በመሆኑ፣ በንዑስ ዓይነት ቢ ላይ የተገኘውን ሁሉ ሳይፈትኑ መውሰድ አይገባም።

7. መደምደሚያ

በኤች አይ ቪ ጅማሮ ተፈጥሯዊ መከላከያ ሕዋሳት በአንድ በኩል ቫይረሱን ይገታሉ፣ በሌላ በኩል የሚባዛባቸውን ሕዋሳት ይጠሩለታል። ላንገርሃንስ ሕዋስ አጥርም በርም ነው፤ ኢንተርፌሮን ጋሻም ሸክምም ነው፤ ኒውትሮፊል ወጥመድም ሽፋን አፍራሽም ነው። ሚዛኑን ወደ አንዱ ወገን የሚያጋድሉት ጊዜና ቦታ መሆናቸውን የማካክ ሙከራዎች፣ ተፈጥሯዊ ተሸካሚ ጦጣዎችና በሰዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች በአንድነት ያመለክታሉ።

ከዚህ ሦስት ተግባራዊ ትምህርቶች ይወሰዳሉ። አንደኛ፣ ተፈጥሯዊ መከላከያን በጥቅሉ ማነቃቃት የመከላከያ ስልት ሊሆን አይችልም፤ በስስ ሽፋን ላይ አላስፈላጊ ንቃትን ማርገብ የተሻለ የሚከላከልበት ሁኔታ አለ። ሁለተኛ፣ ምልክት አልባ የብልት ብግነትን ፈልጎ ማግኘትና ማከም ከኤች አይ ቪ መከላከል ተነጥሎ ሊታይ አይገባም፤ የመከላከያ መድኃኒቶችን የሚፈትኑ ጥናቶችም ብግነትን ከመነሻው ሊለኩ ይገባል። ሦስተኛ፣ ሕክምናን በአጣዳፊው ወቅት መጀመር ድብቁን ክምችት ባያስቀርም፣ የአንጀት ሽፋንን የሚጠብቁ ሕዋሳትን በማትረፍ ለዓመታት የሚዘልቀውን ብግነት ሊቀንስ ይችላል። ፀረ እንግዳ አካላትን ብቻ የሚፈልግ ምርመራ በስውሩና በአጣዳፊው ወቅት ያለውን ሰው ከቫይረሱ ነጻ ነው ብሎ ይመልሰዋል፤ ያ ሰው ተመልሶ እስኪመረመር የሚያልፉት ሳምንታት ደግሞ እነዚህ ሕዋሳት የሚያልቁባቸው ሳምንታት ናቸው። በመሆኑም በአገር ውስጥ አጣዳፊ ኢንፌክሽንን ለይቶ የሚከታተል ጥናት መደራጀቱ ለሳይንሱም ለታካሚውም ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባ ጉዳይ ነው።